በዴድ ፑል 140 ፓውንድ በላሁ፣ ብሩን እስካሁን አልነካሁትም። ሟርት ነው ወይስ ጨዋታ?

የሌሊት ፈረቃ (ሊድስ)፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ሰነበታችሁ። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ፣ ለባለቤቴ እንኳን በደንብ ያልነገርኳት ነገር ስለሆነ ነው እዚ የማወራው።

የምሰራው እንግሊዝ አገር መጋዘን ውስጥ ነው፣ ማታ ማታ። ዲሴምበር 2023 ላይ አብረውኝ የሚሰሩት ልጆች ወረቀት ይዘው መጡ፣ ዴድ ፑል ይሉታል። ለማታውቁት፣ እያንዳንዱ ሰው 5 ፓውንድ ያዋጣና በሚመጣው ዓመት ይሞታሉ ብሎ የሚገምታቸውን 10 ታዋቂ ሰዎች ይፅፋል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ብዙ ስም የገባለት ሰው ብሩን ይበላል፣ በቃ ይሄው ነው። 28 ሰው ነበርን። እኔ መጀመሪያ ደንግጬ እኛ አገር እንዲህ አይባልም ብያቸው ነበር ግን ሁሉም ሲፅፍ ብቻዬን መለየቱ ከበደኝና እዛው ሻይ የምንጠጣበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እድሜያቸው የገፋ ሰዎች ከስልኬ ላይ እየፈለግኩ ሞላሁ። የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርን አንደኛ አደረግኩት፣ ምክንያቱም ሆስፒስ (ሕክምናው ቀርቶ ማስታመም ብቻ) ገብቷል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ሆስፒስ የገባ ሰው ደሞ ያው አለቀለት ብዬ ነው።

ሴፕቴምበር ላይ ተዋናዩ ጄምስ ኧርል ጆንስ በ93 ዓመቱ አረፈ፣ ኖቬምበር ላይ ሙዚቀኛው ኩዊንሲ ጆንስ በ91። ሁለት ገባልኝ ማለት ነው። ሌላ አንድ ልጅም ሁለት ነበረው። ከዛ ዲሴምበር ገባ፣ እኔና እሱ እኩል ነን፣ ለማሸነፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ፣ ካርተር። እዚ ጋ ነው ነገሩ ያለው። የመጨረሻዋን ሳምንት ከእንቅልፌ በተነሳሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ዜናውን ነበር። የፈረንጆቹ ገና ላይ ቤት ተቀምጠን ልጄ ስጦታዋን እየከፈተች እኔ ከጠረጴዛው ስር ስልኬን እያየሁ ነበር። ምን እየፈለግኩ እንደሆነ ያኔ ለራሴ አልነገርኩትም፣ አሁን ግን አውቀዋለሁ።

እሁድ ዲሴምበር 29 ማታ ፈረቃ ልገባ ልብስ እየቀየርኩ ስልኬ ተንጫጫ፣ የስራ ዋትሳፕ ግሩፓችን ነው፣ "ሻምፒዮን!" ምናምን እየተባባሉ። አንዱ መጥቶ አቀፈኝ። እኔም ደስ አለኝ። ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት ደስ አለኝ። አንድ ጫማዬን አጥልቄ አንዱን በእጄ ይዤ ነበር፣ እንደዛው ሆኜ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ብሩ ፖስታ ውስጥ መኪናዬ ኪስ ውስጥ አለ። አሁን የ2025ቱን ስም አምጣ እያሉኝ ነው። ጥያቄዬ እናንተ ይሄን ነገር እንዴት ታዩታላችሁ? እኔ ማንንም አልገደልኩም፣ የገመትኩት ባይገምቱም የሚሆን ነገር ነው፣ ታዲያ ለምንድነው እንዲህ የከበደኝ?

—

የሰፈር እድርተኛ (ዲሲ)፦

ወንድሜ እንኳን ተናገርከው። እኔ ሳላድበሰብስ እነግርሃለሁ፣ ይሄ ሟርት ነው። አገራችን ላይ አንድ ሰው ተነስቶ እከሌ ዘንድሮን አያልፍም ቢል ሟርትህን ይዘህ ወዲያ ነው የሚባለው፣ ሽማግሌም ይሁን በሽተኛ ልዩነት የለውም፣ እድሜ የሚሰጠው ፈጣሪ ነው።

አስበው እስቲ እኛ የሞተን ሰው እንኳን ሞተ ብሎ ለመናገር ስንት ጣጣ አለብን። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ጎህ ሳይቀድ ነው፣ የቅርብ ሰው ተፈልጎ ተጠርቶ ነው። የአባቴን መርዶ የነገሩኝ እዚሁ ዲሲ ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ፣ ስከፍት ስምንት ሰው ቆሟል፣ አንዱ ከሪችመንድ ሌሊቱን ነድቶ የመጣ ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ጮኼ ስወድቅ የሚይዘኝ እጅ በሁለቱም በኩል ተዘጋጅቶ ነበር። ሞት ለእኛ እንዲህ የሚነገር ነገር ነው። አንተ ዋትሳፕ ላይ ሻምፒዮን ተብለህ ስትሰማው ቢከብድህ አይገርመኝም፣ ያሳደገህ አስተዳደግ ነው የከበደህ። ብሩን ለቤተክርስቲያን ወይ ለድሃ ስጥና ከዝርዝሩ ውጣ።

—

ቁጥር ወዳጅ (በርሚንግሃም)፦

ጋሼ እድርተኛ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር ለዓመታት ስከታተለው ነው የኖርኩት፣ ከባህላችን ጋር እንደማይሄድ አጥቼው አይደለም፣ ግን የሚጫወቱት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፣ ይሄ እንዲታወቅልኝ ነው።

እንግሊዞች ጋ ነገሩ የቆየ ነው። ዴዝሊስት የሚባለው ከ1987 ጀምሮ አለ፣ በየዓመቱ 50 ስም ያወጣል። ደንብ አለው፣ ሰውየው ሲሞት የእንግሊዝ ሚዲያ የሚዘግበው ዓይነት ታዋቂ መሆን አለበት፣ ሊሞት ነው ተብሎ ብቻ የታወቀ ሰው አይገባም፣ ማለትም አንድ ታሞ በዜና የወጣ ምስኪን ሰው ዝርዝር ውስጥ አይከቱትም። ካለፈው ዓመት ዝርዝር ደሞ ከ25 ስም በላይ መድገም አይቻልም፣ አለበለዚያ እነዛኑ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየገለበጡ ይቀጥላሉ። ደርቢ ዴድ ፑል የሚባለው ደሞ ተወዳዳሪው እንደ እግር ኳስ ቡድን 20 ስም ይዞ የሚገባበት ነው፣ በእድሜ ያነሰ ሰው ሲሆን ነጥቡ ይበዛል። እውነቱን ለመናገር እኔን የማይመቸኝ ይሄኛው ነው። የ95 ዓመት ሰው መገመት አንድ ነገር ነው፣ ነጥቡ ይበልጣል ብሎ በካንሰር የታመመ የ40 ዓመት ሰው ፍለጋ መውጣት ግን ሌላ ነው፣ እኔ እዛ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

ግን የሚያወሩትን ብታዩ አብዛኛው ስለ ሰውየው ሕይወት ነው። ይሄ ተዋናይ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ በአደባባይ የታየው፣ ፕሮግራም ሰርዟል፣ ፎቶው ላይ ከስቷል፣ እያሉ ይከታተላሉ፣ ሰውየው ሲሞት ደሞ የሰራውን አንድ በአንድ የሚያነሱት እነሱ ናቸው። እኔ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው የሳይንስ ሰዎች፣ የጦርነት ጊዜ ነርሶች፣ የድሮ ሯጮች ስንቱን ያወቅኩት እዛ ነው።

ደሞ ሞት ለገማች አይመችም። ቤቲ ዋይትን ታውቋት ይሆናል፣ አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን። 100 ዓመት ልትሞላ 17 ቀን ሲቀራት ዲሴምበር 31 2021 አረፈች፣ 100 ሞላች ብሎ ሽፋኑ ላይ ያወጣት መፅሔት ገበያ ላይ ወጥቶ ነበር። ኤብ ቪጎዳ የሚባለውን ተዋናይ ደሞ በ1982 አንድ ትልቅ መፅሔት ሟቹ ብሎ ፃፈው፣ ሰውየው ግን በሕይወት ነበር። ከዛ በኋላ ሰው ሁሉ አለ ወይስ የለም እያለ ሲጠያየቅ ኖረ፣ በሕይወት መኖሩን ብቻ የሚናገር ዌብሳይት ሁሉ ተከፍቶለት ነበር፣ እሱ ግን 34 ዓመት ጨምሮ ኖሮ በ2016 በ94 ዓመቱ ነው የሄደው።

የሰው ልጅ ይሄን ማወቅ ይፈልጋል ወደድንም ጠላንም። በ2024 እንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ላይ ከሁሉም በላይ የተነበበው ገፅ በዚሁ ዓመት የሞቱ ሰዎች ዝርዝር ነው። ከ40 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተከፍቷል። ያ ሁሉ ሰው ሟርተኛ ነው ልንል ነው?

—

ዜና ክፍል፦

ከቁጥር ወዳጅ ሀሳብ ላይ ልጨምር። ሚዲያ ቤት ነው የሰራሁት፣ የታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ሰውየው በሕይወት እያለ ተፅፎ መቀመጡ የተለመደ ስራ ነው፣ በሞተ በአስር ደቂቃ ውስጥ ያን ሁሉ ገፅ የሚፅፍ ሰው የለም። የተዋናይቷን የኤልሳቤጥ ቴይለርን የሕይወት ታሪክ ለኒውዮርክ ታይምስ የፃፈው ጋዜጠኛ እሷ ከመሞቷ ስድስት ዓመት ቀድሞ በ2005 ሞቷል፣ በ2011 እሷ ስታርፍ ፅሁፉ በሱ ስም ወጣ። በ2020 ደሞ የፈረንሳዩ ሬዲዮ አርኤፍአይ ዌብሳይቱን ወደ ሌላ ሲስተም ሲያዛውር ተዘጋጅተው የተቀመጡ ወደ መቶ የሚሆኑ የሞት ዜናዎች በስህተት ወጡ፣ ንግሥት ኤልሳቤጥና ፔሌ ሳይቀሩ፣ ሁለቱም ያኔ በሕይወት ነበሩ። ይቅርታ ጠይቀው አነሱት።

እኔም አንድ ጊዜ የታመመ የኪነጥበብ ሰው ታሪክ አዘጋጅ ተብዬ ፅፌያለሁ። የልደት ዓመቱን ፅፌ ሰረዝ አደረግኩና ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ትቼ ፋይሉን ስዘጋ የተሰማኝ ስሜት አሁንም አለ። ሰውየው ግን ከዛ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረ። ጠያቂው የተሰማህን አውቀዋለሁ ለማለት ነው። ልዩነቱ ምን መሰለህ፣ እኔ ያን ባዶ ቦታ ቶሎ የምሞላበት ምክንያት አልነበረኝም፣ አንተ ጋ ብር ተቀመጠበት።

—

የሙዚቀኛው ልጅ (አዲስ አበባ)፦

እኔ ስለ ፈረንጆቹ ብዙ አላውቅም ግን በሌላኛው በኩል ያለ ሰው ምን እንደሚሰማው ልንገራችሁ። አባቴ ድሮ ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወት ነበር፣ በጣም ታዋቂ ባይሆንም የድሮ ሰዎች ያውቁታል። የዛሬ ሦስት ዓመት ስኳሩ ተነስቶበት ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ፣ ከዛ በሳምንቱ አንድ የዩቲዩብ ቻናል የሱን ፎቶ ሻማ አጠገብ አድርጎ አሳዛኝ ዜና ብሎ ለቀቀው። ማንም አልደወለልንም፣ አላጣራም።

ጠዋት ላይ ነበር፣ አባቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለቀሱ በር ከፍተው ገቡ። አባቴን ሲያዩት አንዷ እዛው በሩ ላይ ቁጭ አለች፣ እግሯ ከዳት። እሱ ምንም አላለም፣ ቡና አፍሉላቸው ብቻ አለን። ከዛ ቀን በኋላ ግን አባቴ ያ አይደለም። ቪዲዮውን አሳዩኝ ብሎ አየው፣ ስር የተፃፈውን ኮሜንት እያነበብኩለት እስከ መጨረሻው ሰማ፣ ነፍስ ይማር የሚለውን በመቶ የሚቆጠር ሰው የፃፈውን። በመጨረሻ "ይሄ ሁሉ ሰው ያውቀኝ ነበር ማለት ነው?" አለኝ። ከዛ በፊት ለብዙ ዓመት ማንም ደውሎለት አያውቅም።

ስለዚ ቁጥር ወዳጅ ያልከው ገብቶኛል፣ ግምት ማለት ውሸት ማለት አይደለም፣ እነሱ ያልሞተን ሰው ሞተ አይሉም፣ እንደውም ከእኛዎቹ ዩቲዩበሮች ይሻላሉ ሳያጣሩ አይቆጥሩም። ግን እነዛ 50 ሰዎችም ልጅ አላቸው፣ ልጆቹ ደሞ ኢንተርኔት ይጠቀማሉ።

—

ቁጥር ወዳጅ፦

እህቴ (ወይ ወንድሜ) ይሄን ስላካፈልከን አመሰግናለሁ። ለአባትህ እድሜና ጤና ይስጥልን። ልጆቹ ስለማንበባቸው ያልከው ላይ መልስ የለኝም፣ እውነት ነው።

—

ሲስተር (ጎንደር)፦

እኔ ነርስ ነኝ፣ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው ስለ ሆስፒስ ነው፣ ወንድሜ የሌሊት ፈረቃ ሆስፒስ የገባ አለቀለት ብለሃልና። ሆስፒስ ማለት በሽታውን ለማዳን የሚደረገው ሕክምና ቀርቶ ሰውየው ሳይሰቃይ፣ ሕመሙ ተቀንሶለት፣ ከቤተሰቡ ጋር እንዲሆን ማድረግ ነው። በእኛ ቋንቋ ማስታመም ነው። ቀን የሚቆርጥ ነገር አይደለም። ካርተር ፌብሩዋሪ 2023 ነው ቤታቸው ሆነው ሆስፒስ የጀመሩት፣ በ98 ዓመታቸው፣ ከዛ በኋላ ወደ 22 ወር ኖሩ፣ መቶኛ ልደታቸውን አከበሩ፣ ምርጫ ላይ ድምፅ ሰጡ። ባለቤታቸው ሮዛሊን ደሞ ሆስፒስ ገቡ በተባለ በሁለተኛው ቀን አረፉ፣ ኖቬምበር 2023 ላይ። ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ። ስለዚ የማንም ቀን አይታወቅም፣ እኛ አልጋው አጠገብ የምንቆመውም አናውቀውም።

ሁለተኛው ስለ ሰውየው ነው። ስማቸው ዝርዝር ላይ አንደኛ ነበር ስትል እኔ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ደቡብ ጎንደር ገጠር ውስጥ ስሰራ የትራኮማ መድኃኒት በዘመቻ እንሰጥ ነበር፣ አዚትሮማይሲን፣ የካርተር ማዕከል ከጤና ቢሮ ጋር ሆኖ የሚሰራው ስራ ነው። የትራኮማን ነገር የማያውቅ ሰው ካለ፣ የዐይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቀዋል፣ በተርገበገበ ቁጥር፣ ቀን ከሌት፣ በመጨረሻ ያሳውራል። እናቶች ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እየነቀሉ ነው የሚኖሩት፣ ወረንጦዋን በክር አንገታቸው ላይ አስረው።

ለሰው ሁሉ ሚዛን ይዘን መዞር ስለማንችል መድኃኒቱን የምንሰጠው በቁመት ነበር። ምልክት የተደረገበት ረጅም እንጨት አለ፣ ሰውየው አጠገቡ ይቆማል፣ እስከዚ ከደረሰ ይሄን ያህል ፍሬ፣ እስከዚ ከሆነ ይሄን ያህል፣ ለትንንሾቹ ሽሮፕ። ልጆቹ ተሰልፈው ረዝሜያለሁ ብለው በእግር ጣታቸው ይቆሙ ነበር፣ እኔ ተረከዝህን አውርድ እያልኩ። ካርተር የታገሉት ጊኒ ዎርም የሚባለው የትል በሽታም ቢሆን፣ በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ሰው ይይዝ የነበረ በሽታ ነው፣ ባረፉበት ዓመት 15 ሰው ብቻ ነው የተያዘው። የመጨረሻው ትል ከእኔ በፊት እንዲሞት እፈልጋለሁ ብለው ነበር፣ በትንሹ አመለጣቸው።

ብሩን ምን ላድርገው ብትለኝ የዐይን ቆብ ቀዶ ጥገና ለሚሰራ ስጠው እልሃለሁ። አልፈርድብህም።

—

የሌሊት ፈረቃ፦

ሲስተር እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምፅፈው። እኔ የደቡብ ጎንደር ልጅ ነኝ። ከእብናት ወጣ ብሎ ነው ያደግኩት። እንጨቱን አውቀዋለሁ፣ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ግድግዳው ተደግፎ ነበር የሚቆመው፣ እኔም ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተሰልፌ ውጫለሁ። ያን ጊዜ ማን እንዳመጣው የሚነግረን አልነበረም፣ ነግረውንም ከሆነ ልጅ ስለነበርኩ አልሰማሁም። አያቴ ወረንጦ ነበራት፣ አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጋር አብራ የታሰረች። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ ንቀልልኝ ትለኝ ነበር፣ የኔ ዐይን ያያል ብላ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት እጇን ይዘን ነበር ቤተክርስቲያን የምንወስዳት።

ያን ሰውዬ ነው እንግዲህ አንደኛ ላይ የፃፍኩት።

ዜና ክፍል ያልከው ብሩ ተቀመጠበት ያልከው ልክ ነው። መገመቱ አልነበረም የከበደኝ፣ መጠበቄ ነው። አሁን ገባኝ። የ99 ዓመት ሰው ይሞታል ብሎ ማሰብ ኃጢአት አይመስለኝም፣ ልጄ ስጦታ ስትከፍት ከጠረጴዛ ስር የሰው ሞት እየፈለግኩ መቀመጤ ግን እሱ ነው።

ትላንት ማታ እረፍት ሰዓት ላይ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ስለ እንጨቱ፣ ስለ አያቴ። መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዛ ያ ያቀፈኝ ልጅ በወረንጦ እንዴት ነው የምትነቅሉት ህመሙስ ብሎ ብዙ ጠየቀኝ፣ የሱ እናት እዚሁ ሊድስ ሆስፒስ ውስጥ እንዳለች ያኔ ነው የነገረኝ። ሁለት ዓመት አብረን ሰርተን አላውቅም ነበር። የ2025ቱን ወረቀት እኔ ስሜን አላስገባም አልኳቸው፣ ማንም አልተቀየመኝም፣ እነሱ ግን ይቀጥላሉ።

140ውን ወደ ዐይኑ ስራ መላክ ፈልጌያለሁ። ሲስተር በየት በኩል እንደሚላክ በውስጥ መስመር ብትፅፊልኝ። ለባለቤቴም ዛሬ እነግራታለሁ፣ ከእንቅልፏ ስትነሳ።

—

ሲስተር (ጎንደር)፦

ፅፌልሃለሁ፣ ውስጥ መስመር እይ። የአያትህን ነፍስ ይማር። ለጓደኛህ እናትም እግዜር ምህረቱን ያውርድላት፣ ስሟን ጠይቀህ ንገረኝ፣ እሁድ ስሄድ አስጠራታለሁ።